ወደ ዶክትሬት የሚያሻግር ድልድይ፦ የሳይንስ ድኅረ ምረቃን በር ለመክፈት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚይዙት መካከል ጎበዞቹ ሁሉ ወደ ዶክትሬት ይቀጥላሉ ብሎ ማሰብ ይቀናል። ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያ የሆነችው፣ እየሠራ የተማረው፣ ስሙ እምብዛም ከማይነሣ ኮሌጅ የወጣው፣ ማየት የተሳናት ኬሚስት ግን ብዙ ጊዜ እዚያው መጀመሪያው ዲግሪ ላይ ይቀራሉ። ተወዳድረው ስለተሸነፉ አይደለም፤ ብዙዎቹ ውድድሩ ላይ ጭራሽ አልደረሱም። የደረሱትም ማመልከቻቸው ሳይነበብ ተመልሷል፤ ወይም ተቀብለናቸው ስናበቃ በመጀመሪያው ዓመት በገንዘብና በብቸኝነት ተገፍተው ወጥተዋል።

መመሪያው የተጻፈው ይህን ለመለወጥ ለሚፈልጉ የሳይንስ ትምህርት ክፍል መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪዎችና የቅበላ ኮሚቴ አባላት ነው። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ዝቅ ማድረግ ተማሪውን መናቅ ነው። መለወጥ ያለባቸው ተማሪ የምንፈልግበት ቦታ፣ የምንመዝንበት መንገድና ገንዘብ የምንከፍልበት ቀን ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ እርምጃ፦ ቀዳዳው የት እንዳለ እወቁ

ምንም ዓይነት ፕሮግራም ከመንደፋችሁ በፊት ያለፉትን አሥር ዓመታት መዝገብ አውጡ። የአንድ ዓመት ቁጥር በትንሽ ትምህርት ክፍል ውስጥ ምንም አይናገርም፤ ሁለት ተማሪዎች ሲመጡ እድገት፣ ሁለት ሲሄዱ ውድቀት ይመስላል። በመዝገቡ ውስጥ ስድስት ነገሮችን ተከታተሉ፦ በመስኩ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙት ስንት ናቸው፣ ስንቱ አመለከቱ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኙ፣ ስንቱ በእርግጥ መጡ፣ ስንቱ የብቃት መመዘኛውን ፈተና (የዶክትሬት ተማሪ ወደ ምርምሩ ለመሻገር የሚወስደውን) አለፉ፣ ስንቱ ተመረቁ። በየደረጃው ቁጥራችሁን በጾታ፣ በኢኮኖሚ ሁኔታ፣ በወላጆች የትምህርት ደረጃ፣ አገሩና ሕጉ በሚፈቅደው መጠን በሌሎችም መለያዎች ከፋፍላችሁ ተመልከቱ።

ይህን ሥራ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የሚከፍሉትም ዋጋ ከባድ ነው። ተማሪዎቹ ከመነሻው የማያመለክቱ ከሆነ የቅበላ ሥርዓቱን ማሻሻል ብቻውን ፋይዳ የለውም። መጥተው በሁለተኛው ዓመት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ብዙ ተማሪ ለመሳብ መጣጣር ጉዳቱን ማብዛት ይሆናል፤ ቤቱን ሳያድሱ እንግዳ መጥራት ነውና። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ሰው ይታወቃል። «አንዲት ተማሪ ወደቀች» የሚል ሰንጠረዥ ስም ባይጽፍም ስም ጠርቷል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ለኮሚቴው ብቻ አቆዩት።

2ኛ እርምጃ፦ አጋር ፈልጉ

ተማሪዎቹ ያሉበት ቦታ ይታወቃል። ከእናንተ ዘንድ ባይኖሩም ከሌላ ተቋም ጥሩ መምህራን እያስተማሯቸው ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከእነዚያ መምህራን ጋር መሥራት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሊጠና የሚገባው ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ ፊስክ የሚባል ለጥቁር አሜሪካውያን የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲና ቫንደርቢልት የሚባል ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ አሉ። በ2004 ሁለቱ የጋራ የድልድይ ፕሮግራም ጀመሩ። ተማሪው በፊስክ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል፤ በዚያው ጊዜ በቫንደርቢልት ኮርስ ይወስዳል፣ በቤተ ሙከራ ይሠራል፣ ነገ የዶክትሬት አማካሪዎቹ ሊሆኑ ከሚችሉ መምህራን ጋር ይተዋወቃል። ለዶክትሬት በሚያመለክትበት ቀን ኮሚቴው እንግዳ ፋይል አይጠብቀውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ያዩት ሰው ነው። የፕሮግራሙ ምስጢር፣ እኔ እንደምረዳው፣ እዚህ ላይ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለን ግምት በዓይን በታየ ሥራ ተካው።

ሁለቱ ተቋማት በአንድ ከተማ መሆናቸው ረድቷል፤ ሁሉም ይህ ዕድል የለውም። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በ2012 የጀመረው የድልድይ ፕሮግራም የርቀትን ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ተማሪው አንድ ማመልከቻ ያስገባል፤ ማመልከቻው ለብዙ ትምህርት ክፍሎች ይደርሳል፤ ቦታና ድጋፍ ያላቸው ክፍሎች ራሳቸው ተማሪውን ያነጋግራሉ። በመደበኛው መንገድ ያልተቀበሉት ወይም ጭራሽ ያላመለከተ ተማሪ ሁለተኛ በር አገኘ ማለት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ የአንድ ዓመት የተጠናከረ ዝግጅት ነው። በጣሊያን ትሪየስት የሚገኘው፣ አብዱስ ሰላም በ1964 ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ከ1991 ጀምሮ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል። በ2003 በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋምም በዚሁ መንፈስ የሚሠራ ነው፤ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በአንድ ሕንጻ ውስጥ እየኖሩ ይማማራሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከአጋራችሁ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይኑራችሁ። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያማክር፣ የትኛው ኮርስ በሁለቱም ዘንድ እንደሚያዝ፣ በምርምር ጽሑፍ ላይ የማን ስም እንደሚሰፍር ይጻፍ። በጀቱን ትልቁ ተቋም ብቻውን አይያዘው። አጋሩን «ተማሪ የምንለቅምበት ማሳ» አድርጎ የሚያይ ትምህርት ክፍል በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ ቢጽፍ መልስ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

3ኛ እርምጃ፦ ማመልከቻ የምታነቡበትን መንገድ ለውጡ

ከሁሉ ረጅሙ እርምጃ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠፋውም እዚህ ነው።

በመቁረጫ ነጥብ ጀምሩ። አንዳንድ ኮሚቴዎች ጊዜ ለመቆጠብ ከተወሰነ የፈተና ነጥብ ወይም አማካይ ውጤት በታች ያለውን ፋይል ሳይከፍቱ ያስቀምጣሉ። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት ራሱ በመመሪያው የዚህን ፈተና ነጥብ ብቻውን ለመከልከያ መጠቀም እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከ2000 እስከ 2010 በአሜሪካ የፊዚክስ ዶክትሬት ከጀመሩት ውስጥ ከስምንት አንድ ያህሉን መርምሮ የፊዚክስ ጂአርኢ ማን እንደሚጨርስ በመተንበይ ረገድ ደካማ መሆኑን ዘግቧል። ጥናቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። የተጠኑት ቀድመው የተቀበሉ ተማሪዎች ስለሆኑ የነጥቡ ጉልበት አንሶ ሊታይ ይችላል የሚሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አሉ፤ ሙግታቸውም መሠረት አለው። ከሁለቱም ወገን የምወስደው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ነጥብ ከብዙ መረጃዎች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በር ጠባቂ ሊሆን አይችልም።

እኔም አንድ ጊዜ በቅበላ ኮሚቴ ውስጥ ሳገለግል ከመቁረጫው በታች የተቀመጠ ፋይል በአጋጣሚ ከፍቼ አንብቤ ነበር። ተማሪዋ በመጀመሪያው ዓመት የሂሳብ ኮርስ ወድቃለች፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የወሰደቻቸውን ከባባድ ኮርሶች ሁሉ በከፍተኛ ውጤት አልፋለች። በየሳምንቱ ሃያ ሰዓት ትሠራ ነበር። አማካይ ውጤቷ ይህን ታሪክ ጨፍልቆ አንድ ቁጥር አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ትራንስክሪፕት የማነበው ከመጨረሻው ሴሚስተር ወደ ኋላ ነው፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ እለምናለሁ።

ቀጥሎ የመመዘኛ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ሰንጠረዡ የሚጸድቀው አንድም ፋይል ሳይከፈት ነው፤ ፋይል ካዩ በኋላ የሚጻፍ መመዘኛ ለወደድነው ሰው የተሰፋ ልብስ ይሆናል። በአብዛኛው አምስት ነጥቦች ይበቃሉ፦ በመስኩ ያለ ዝግጅት፣ የምርምር ልምድ፣ እንቅፋት ሲገጥም የመጽናት ማስረጃ፣ ሐሳብን የመግለጽ ችሎታ፣ ከመምህራኑ የምርምር ሥራ ጋር ያለ ግንኙነት። ለእያንዳንዱ «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ» እና «ዝቅተኛ» ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ለምሳሌ በምርምር ልምድ ረገድ «በታዋቂ ቤተ ሙከራ ሠርታለች» የሚለው መመዘኛ አይሆንም፤ ታዋቂ ቤተ ሙከራ ያለበት ከተማ የተወለደን ሰው መሸለም ነው። «የሠራችውን ሙከራ ዓላማ፣ ያጋጠማትን ስሕተትና ያረመችበትን መንገድ ማስረዳት ትችላለች» ብትሉ ግን በትንሽ ኮሌጅ ያለ ተማሪም ሊያሟላው ይችላል። እያንዳንዱን ፋይል ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ያንብቡ፣ ነጥባቸውን ያስገቡ፣ ከዚያ ይነጋገሩ። መጀመሪያ ውይይት ከተደረገ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ያሸንፋል።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ አንድ ልማድ አስወግዱ፤ ጸሐፊውን ስለምታውቁት ብቻ ደብዳቤውን ማመን። ያልታወቀ መምህር የጻፈው ደብዳቤ አጭር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ምን እንደምትፈልጉ ስላልነገራችሁት ነው። ስለዚህ ለደብዳቤ ጸሐፊዎች ሦስት አራት ጥያቄ ላኩ፦ ተማሪውን በምን ሥራ ላይ አዩት? ሲሳሳት ምን አደረገ? ያለማንም እገዛ የሠራው ምንድን ነው?

ቃለ መጠይቅ ካደረጋችሁ ለሁሉም አመልካች አድርጉ፤ ሠላሳ ደቂቃ፣ ተመሳሳይ ጥያቄዎች፣ ጥያቄዎቹም ከጥቂት ቀናት በፊት የተላኩ። ጥያቄን አስቀድሞ መላክ ፈተናውን ያበላሻል የሚል ስጋት እሰማለሁ። የምትፈትኑት ድንገተኛ መልስ የመስጠት ችሎታን ከሆነ አዎ ያበላሻል፤ ተመራማሪ ግን አስቦ የሚመልስ ሰው ነው። ወላጆቹ ፕሮፌሰር የሆኑት አመልካች ጥያቄዎቹን ድሮም በግምት ያውቃቸዋል።

በመጨረሻ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ ይለወጣልም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 በሰጠው ውሳኔ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን የቅበላ መመዘኛ እንዳያደርጉ ከልክሏል፤ አመልካቹ በሕይወቱ ስላለፈበት መንገድ የሚጽፈውን ማንበብ ግን አልተከለከለም። ሕጉ የተለየ በሆነበት አገርም ቢሆን ጸንተው የሚቆሙት ለማንም ክፍት የሆኑ መመዘኛዎች ናቸው። በ1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሕይወቱ ባለፈው የፊዚክስ ሊቅና ጠፈርተኛ ሮናልድ ማክኔር ስም የተሰየመው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ለዶክትሬት ከሚያዘጋጃቸው ተማሪዎች አብዛኞቹን የሚመርጠው ገቢያቸው ዝቅተኛ መሆኑንና ወላጆቻቸው ዲግሪ የሌላቸው መሆኑን አይቶ ነው።

4ኛ እርምጃ፦ ገንዘቡ ተማሪው ሳይመጣ ይድረስ

ስለ ነጻ የትምህርት ዕድል መጠን ብዙ ይወራል፤ ስለሚከፈልበት ቀን ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ችግሮች የቀን ችግሮች ናቸው።

የማመልከቻ ክፍያ የመጀመሪያው ግንብ ነው። ተማሪው ስምንት ቦታ ለማመልከት ስምንት ጊዜ መክፈል አለበት፤ የሌለው ሰው ሁለት ቦታ ብቻ ያመለክታል፤ ዕድሉም በዚያው ልክ ያንሳል። ክፍያውን አንሡት፤ ካልተቻለ ደግሞ «መክፈል አልችልም» የሚል አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይብቃ። የድህነት ማስረጃ አምጣ አትበሉት።

ከዚያ መምጫው አለ። የጉዞ ወጪ፣ የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከውጭ አገር ለሚመጣ የቪዛ ክፍያ፤ እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት የመጀመሪያው የኑሮ ድጎማ ከመግባቱ በፊት ነው። ድጎማው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገባው በመጀመሪያው ወር ማብቂያ ነው፤ የመዝገብ ስሕተት ካለ ወደ ሁለተኛው ወር ይሻገራል። አንድ ተማሪ ይህን ክፍተት በጓደኛው ወለል ላይ ተኝቶ እንዳለፈው የነገረኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ እኛ በትምህርቱ ለምን እንደዘገየ ስንወያይ ነበር። ስለዚህ ከመምጣቱ አንድ ወር በፊት የሚደርስ የመቋቋሚያ ገንዘብ መድቡ። ብድር አይሁን፤ ስጦታ ይሁን።

ለጉባኤ ጉዞም ይኸው ሕግ ነው። «ከኪስህ ክፈል፣ በኋላ እንመልስልሃለን» የሚለው አሠራር ኪሱ ላለው ሰው ብቻ የተሠራ ነው። የአውሮፕላን ትኬቱንና ሆቴሉን ትምህርት ክፍሉ በቀጥታ ይክፈል። በተጨማሪም ለድንገተኛ ችግር የሚውል ትንሽ ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሚለቀቅ ሆኖ ይቀመጥ፤ ኮሚቴ ተሰብስቦ የሚያጸድቀው የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ አስቸኳይ አይደለም።

5ኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያውን ዓመት አብረው ይጀምሩ

በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሂሳብ ሰው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ሊያጠና ተነሣ። ባልደረቦቹ የነገሩት ምክንያት የታወቀው ዓይነት ነበር፦ ፍላጎት ማጣት፣ ደካማ መሠረት፣ የቤተሰብ ድጋፍ እጥረት። ሄዶ ሲመለከት አንዱም አልያዘም። ተማሪዎቹ በትጋት ያጠኑ ነበር፤ ግን ብቻቸውን። የተሳካላቸው ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች ለየብቻ ሠርተው ማታ ይገናኛሉ፣ መልስ ያስተያያሉ፣ ይተራረማሉ፤ ጥያቄው ሁሉንም ካቃታቸው ስንፍናቸው ሳይሆን ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን የሚያጠናው ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ትራይስማን የማካካሻ ትምህርት አልከፈተም። ከክፍሉ ይልቅ የሚከብዱ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ በቡድን እንዲሠሩ አደረገ፤ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ።

በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ በ1988 በበጎ አድራጊው ሮበርት ማየርሆፍና በፍሪማን ራቦውስኪ የተጀመረው የማየርሆፍ ፕሮግራም ይህንኑ መንገድ አሰፋው። ተማሪዎቹ መደበኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት በክረምት አብረው ይማራሉ፣ በቡድን ያጠናሉ፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሳሉ ምርምር ውስጥ ይገባሉ። በጥቁር ወንዶች ልጆች የጀመረው ፕሮግራም ኋላ ለሁሉም ተከፈተ።

ለእናንተ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ተማሪ ብቻውን አትቀበሉ፤ ቢያንስ ሦስት አራት ሆነው ይምጡ። ትምህርት ከመጀመሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ይድረሱ፣ ለዚያም ጊዜ ይከፈላቸው። የመጡበትን የዝግጅት ደረጃ ከእያንዳንዳቸው ጋር በግል ተነጋገሩ። የጎደለ ኮርስ ካለ በመጀመሪያው ዓመት እንዲወስዱት ፍቀዱ፤ ጊዜውም ድጎማቸውን የማይቀንስ ይሁን። የጥናት ቡድኑን ግን ለእነሱ ብቻ አታድርጉት፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ይግባበት። «የደካሞች ክፍል» የሚል ስም የወጣለት ቡድን ሞቷል።

6ኛ እርምጃ፦ አማካሪ

ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ምርምሩን የሚመራ፣ ሌላው ውጤት የማይሰጥና በተማሪው የወደፊት ዕጣ ላይ ሥልጣን የሌለው። ከዋናው አማካሪ ጋር በየስንት ጊዜው እንደሚገናኙ፣ ረቂቅ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ተማሪው አማካሪ ለመለወጥ ቢፈልግ ድጎማው እንደማይቋረጥ ደንቡ በግልጽ ይናገር፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ የቀረው ሁሉ ወረቀት ነው። አማካሪ ስትመድቡም ዝናውን ትታችሁ ባለፉት ዓመታት ከእሱ ጋር የጀመሩት ተማሪዎች የት እንደደረሱ ተመልከቱ።

7ኛ እርምጃ፦ የብቃት መመዘኛው ፈተና

ብዙ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የድሮ ፈተናዎች በነባር ተማሪዎች እጅ ይዘዋወራሉ። ወዳጅ ያለው ያገኛቸዋል፣ ብቸኛው አያገኝም። ሁሉንም ፈተና ሰብስባችሁ ለሁሉም አስቀምጡ፤ የማረሚያ መመዘኛውንም አብራችሁ። ፈተናው የሚለካው ምን እንደሆነም ተወያዩ። ተማሪው ምርምር መሥራት መቻሉን ለማወቅ ከሆነ የራሱን የምርምር ዕቅድ አቅርቦ መከላከሉ ከአሥር ሰዓት የጽሑፍ ፈተና የተሻለ ሊናገር ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ትንሽ ቡድን በየወሩ ለአንድ ሰዓት እየተገናኘ በእያንዳንዱ ተማሪ ላይ ይነጋገር፦ ኮርሱ እንዴት ነው፣ የምርምር ቡድን አግኝቷል ወይ፣ ድጎማው ገብቷል ወይ። ችግር በጥቅምት ከታወቀ ይፈታል፤ በሰኔ የሚታወቀው ችግር ግን የስንብት ደብዳቤ ይሆናል።

8ኛ እርምጃ፦ በእርዳታ ገንዘብ ብቻ አትቁሙ

ፕሮግራሙን የሚያስተባብረው ሰው ደመወዝ ቢያንስ በከፊል ከትምህርት ክፍሉ መደበኛ በጀት ይሁን፤ አለዚያ እርዳታው ያለቀ ቀን የተማሪዎቹን ስም የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሄዳል። ተማሪዎችን የማማከሩ ሥራ በመምህራን ዓመታዊ ግምገማና በደረጃ ዕድገት ላይ ይቆጠር። ይህ ካልሆነ ሸክሙ ሁሉ ከተገፉ ወገኖች በመጡ ሁለት ሦስት መምህራን ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ የራሳቸውን ምርምር ትተው ሲሮጡ ይቆዩና ለዕድገት ሲቀርቡ «ጽሑፍህ አነሰ» ይባላሉ።

አሁን ለመጀመር ለምትፈልጉ፣ የጊዜ ሰሌዳው ይህን ይመስላል። የሚቀጥለው የቅበላ ዙር ሊከፈት አሥር ወር ሲቀረው መዝገቡን አውጡ። ስምንት ወር ሲቀረው ወደ አጋር ተቋም በአካል ሂዱ። አምስት ወር ሲቀረው የመመዘኛ ሰንጠረዡ ይጽደቅ፤ የማመልከቻ ክፍያው የሚነሣበትም ደብዳቤ ወደ ፋይናንስ ክፍል ይሂድ፤ መልሱ ይዘገያልና።